ገጽ ስልሳ አራት

ኡም አል-ቁዋይን ነው፤ ከማንግሩቩ ዳር፣
ሃያ ስድስት ካያክ፣ አሥራ አንድ ፓድልቦርድ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር።
እዚያ ነው እንጀራዬ፤
ጨው ነው ሸሚዜ፣ ጨው ነው ጫማዬ።

እንግዶች ሲመጡ መጽሐፍ ይዘው ነው፤
ክርን እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ወገብ ወዴት እንደሚዞር፣
ጀልባ ቢገለበጥ ሰው ከሥሩ እንዴት እንደሚወጣ
በቀስት የሚያሳየው።
ሲሄዱ ይረሱታል። ከካያኩ ሆድ አወጣዋለሁ፤
ውሃ ጠጥቶ፣ እንደ ታማሚ እግር አብጦ፤
በወገቡ ከገመድ አንጠልጥዬ አሰጣዋለሁ።
«እንድሪስ፣ ዓሣ ነው ወይስ መጽሐፍ የምታደርቀው?»
ይላል ሺጁ፣ የኬረላው።
ይሳቅ። እርጥብ ማድረቅ ከአባቴ የወረስሁት ሙያ ነው።

አባቴ ጣና ዳር ታንኳ ሠሪ ነው፤
ደንገል ያጭዳል፣ ያሰጣል፣ ያስራል፤
«ታንኳም እንደ ሰው ይደክማል፤
ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤
ማታ አውጥተህ ካላቆምኸው፣ ፀሐይ ካላሳየኸው፣
አንድ ቀን ከነጭነትህ ይከዳሃል» ይላል።
መጽሐፍ አልነበረውም።
ቁመቱን በክንዱ፣ ነፋሱን በጆሮው፣
ጥልቀቱን በዘንጉ ይለካል እንጂ
ገጽ ገልጦ አያውቅም።

እኔም የእርሱ ልጅ ነኝ። በመጣሁ በሁለተኛው ወር
ማሪቴስ የምትባል ነርስ፣ ከሌሊት ተራዋ ወጥታ፣
ከነመጽሐፏ መጥታ፣
«ገጽ ስልሳ አራት ሠንጠረዡን እዩ ይላል፤
ዛሬ ከአራት ሰዓት በፊት መውጣት ይኖርብናል» ብትለኝ፣
ሳቄ መጣ።
«እመቤቴ፣ እኔ ከውሃ ጋር ነው ያደግሁት፤
ውሃ ደግሞ የት ይሄዳል?» አልኋት።

ውሃው ሄደ።
መጀመሪያ የዛፎቹ ጣቶች ታዩ፣ ከጭቃው ቀጥ ቀጥ ያሉ፤
ከዚያ ሸርጣኖች፣ ከየጓዳቸው ብቅ እያሉ፤
ከዚያ ካያካችን ሆዱን መሬት አስነክቶ
እንደ ሰነፍ በሬ ተኛ።
ወርጄ ብገፋው እስከ ጉልበቴ ሰመጥሁ፤
አንድ ጫማዬን ጭቃው እንደዋጠው ቀረ።
ማሪቴስ አልተቆጣችም። ብርቱካን ልጣ ግማሹን ሰጠችኝ፤
ገጽ ስልሳ አራትንም ገልጣ፣
መድኃኒት አወሳሰድ እንደሚነገረው በሽተኛ
ቀስ አድርጋ አነበበችልኝ፦
ጨረቃ ትስባለች፤ ባሕር ይጎድላል፤ ቆይቶ ይሞላል።
ፍላሚንጎዎች በሩቅ፣ በአንድ እግራቸው ቆመው፣ ይታዘቡን ነበር።
ለነገሩ በአማርኛ ስም ፈለግሁለት፤
«ሙላት» አልሁ፤ እርሱ የወንዝ ነው።
«ማዕበል» አልሁ፤ እርሱ የቁጣ ነው።
ያለ ስሙ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት።

ከቀትር በኋላ መጣ፣ እንደ ሌባ በእግሩ ጣት እየሄደ፤
የሸርጣኑን ጉድጓድ ሞላ፣ የእኔን ዱካ ወሰደ፤
ከዚያ፣ ሳናስበው፣
መቀመጫችን ከሥራችን ተነቃነቀ።

ማታ ለአባቴ ደወልሁ። ብዙ ዝም አለ።
«ማን ጠርቶት ነው የሚሄደው?»
«ጨረቃ።»
«በየወሩ?»
«በቀን ሁለቴ።»
«እንግዲህ ጠባዩን ካወቅህ አትጣላው» አለ።

መጽሐፉን ትታልኝ ሄደች። ኅዳጉ ላይ በአማርኛ እጽፋለሁ፦
እዚህ ጋ ድንጋይ አለ፤ መጽሐፉ አያውቀውም።
እዚህ ጋ ነፋሱ ከአሥር ሰዓት በኋላ ፊቱን ያዞራል።
እዚህ ጋ ጫማዬ።
ከመጨረሻው ምዕራፍ፣ ስለ ጀልባ ታሪክ በሚያወራው ላይ፣
በጥንት ዘመን ወረቀት ከደንገል ይሠራ ነበር የሚል አንድ መስመር አለ።
ሁለት ጊዜ አነበብሁት።
ቅድም፣ መጽሐፍ አልነበረውም ያልሁት ይሰረዝልኝ፤
አባቴ ያልተጻፈበት ላይ ተቀምጦ ነው
ዕድሜውን ሙሉ የቀዘፈው።

ነገ ውሃው የሚጎድለው ረፋድ ላይ ነው፣ አምስት ሰዓት ከሩብ።
ሺጁን ልቀስቅሰው፤
ሦስቱ ቢጫ ካያኮች ቀድመው ይውጡ።